«ድመት ነው» ያልኩ ዕለት

ቤታችሁ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ምን ሲሠራ እንደሚውል አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታስቡም። ማንም አያስብም። ጠዋት በሩን እንቆልፋለን፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ አንዴ ገፋ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ወደ ታክሲ ሰልፍ እንሮጣለን። ቤቱ እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ እስክንመለስ የሚጠብቀን ይመስለናል። ሶፋው በሶፋነቱ፣ መጋረጃው በመጋረጃነቱ ጸንቶ የሚውል ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ድመት አመጣሁ።

ከድመቱ በፊት ግን ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ፤ ያለ ግድግዳው ነገሩ አይገባችሁም። እኔና ባለቤቴ ሰናይት የምንኖረው ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን አንዱን ሰፊ ቤት በቺፕውድ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለእትዬ አስካለ አከራይተዋል። ቺፕውድ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። እትዬ አስካለ ሲያስነጥሱ እኛ በዚህ በኩል «ይማርዎት» እንላለን፤ እሳቸው በዚያ በኩል «ያኑራችሁ» ይላሉ። ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸው አንድ በአንድ አግብተው የሄዱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ድመቱ የመጣው በአይጥ ሰበብ ነው። ሰናይት ኮልፌ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ጨርቅና አይጥ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖሩም። ከሱቅ የተረፉ ጥቅሎችን ቤት ማስቀመጥ ስትጀምር አይጧም ተከትላ መጣች። «አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። እኔም ከመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ አንድ ግልገል ድመት ተቀብዬ፣ በካርቶን አድርጌ፣ በሚኒባስ ጭኜ አመጣሁ። ግራጫ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። ስም ልናወጣለት ስንል አልተስማማንም። እሷ «ነብሮ» አለች፤ እኔ «ሸጋው» አልኩ። ክርክሩ ሳይቋጭ ሳምንታት አለፉና ስሙ «አንተ» ሆኖ ቀረ። «አንተ፣ ና!» «አንተ፣ ውረድ!» ስም ያልወጣለት ድመት ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

ግቢያችን ውስጥ የአከራያችን ውሻ ስላለ ድመቱን ጠዋት ቆልፈንበት እንወጣለን፤ ከደጅ ስለማይወጣም ድመት እንዳለን በግቢው ያየ የለም። የመጀመሪያው ጥቃት የተፈጸመው በሶፍት ላይ ነበር። ከሥራ ስንመለስ ቤቱ በረዶ የጣለበት መስሎ ጠበቀን። ሳቅን። ፎቶ አነሳን። ለዘመድ ላክን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ የተሳቀለት ልጅ ሁለተኛውን በማዕረግ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ መጋረጃው ከላይ እስከ ታች ተተለተለ። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ዳንቴል። ከዚያ የሶፋው ክንድ ሆድቃው ወጣ። በመጨረሻ ቡፌው ላይ መውጣት ተማረና የሰናይት አክስት ለሠርጋችን የሰጧት ብርጭቆዎች ላይ ደረሰ።

አንድ ጠዋት ስልኬን ረስቼ ስመለስ በመስኮት አየሁት። ብርጭቆውን በእጁ ገፋ አደረገ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ ገፋ አደረገ። እኔ ከውጭ መስኮቱን እየደበደብኩ «ተው!» እላለሁ፤ እሱ ዓይኔን ዓይኔን እያየ ሥራውን ጨረሰ። ልንገራችሁ፣ እኔ በመሥሪያ ቤቴ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አንድ ወንበር እግሩ ቢነቃነቅ የማስጠይቅ ሰው ነኝ። የሰው ንብረት ስጠብቅ እየዋልኩ የራሴ ንብረት ዓይኔ እያየ ወለል ላይ ተበተነ።

መፍትሔ ያልሞከርን እንዳይመስላችሁ። ሶፋው ላይ የሎሚ ልጣጭ አድርጉ ተባልን፤ አደረግን፤ ልጣጩ ላይ ተኛበት። ውሃ እርጩበት ተባልን፤ እንዳንረጭበት እኛ አብረነው አልዋልን! ደግሞ እኛ ቤት ካለን ከሱ በላይ ጨዋ የለም፤ ጉልበት ላይ ይወጣል፣ ያንኮራፋል፣ ይተኛል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይላሉ፤ የእኛው ደግሞ ገና ምንኩስናውንም አላሰበው።

አይጧን ትጠይቁኝ ይሆናል። አይጧ ደህና ናት።

እስቲ አሁን ተነሡና ከቺፕውዱ ወዲያ ማዶ፣ እትዬ አስካለ ቤት ተቀምጣችሁ አድምጡ። ጠዋት ባልና ሚስት ይወጣሉ። ረፋዱ ላይ ከጎረቤት ቤት «ጓ!» የሚል ይሰማል። ከሰዓት «ቿ!» ብርጭቆ። ከዚያ የሚጎተት ነገር፣ የሚቀደድ ነገር። ወደ ማታ ሚስት ቀድማ ትገባለች። ሰናይት ስትናደድ ድምጿ ለሰፈር ይበቃል፤ «ደግሞ ሰበርከው! ምን በደልኩህ፣ አብልቼ አጠጥቼ ባኖርኩህ? ቀኑን ሙሉ ተጋድመህ ዋልክ፣ ስትነሳ ዕቃ ትሰብራለህ! ዛሬስ ከዚህ ቤት ነው የማስወጣህ!» የባል ድምፅ አይሰማም። ምን ብሎ ይመልሳል? ጠዋት ደግሞ ሚስት የብርጭቆ ስባሪ በፌስታል ይዛ ትወጣለች። እጇ ተጫጭሯል።

ምን ትላላችሁ? እኔም ብሆን እሱኑ ነው የምለው።

ባልየው ከሥራ ተባሯል። ለሰው እንዳይታወቅበት ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሚስቱ ሱቅ ስትገባ ጠብቆ ይመለሳል፤ ጠጥቶ ዕቃ ይሰብራል። ወሬው ከእትዬ አስካለ ወጥቶ ግቢውን አዳረሰና ወደ አስፋልቱ ሲደርስ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። የራስ ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው።

ብቻ ሰዉ ተለወጠብኝ። ባለሱቁ ከድር ዘንድ ብርጭቆ ልገዛ ስሄድ ትክ ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ለእርስዎ የፕላስቲክ ይሻላል» አለኝ። ድመቱን ያወቀ መስሎኝ «ልክ ነህ፣ ምን ይደረግ፣ አመል ነው» ብዬ ፕላስቲኩን ገዛሁ። አያችሁት፣ በአፌ አመንኩ! የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ የሰው ልጅ ይወድቃል፣ ይነሳል። የወንድሜ ልጅ መጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል፤ አስብበት» አሉኝ። በንብረት ሥራ ያለኝ ዝና ኮልፌ ድረስ መሰማቱ ገርሞኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከኋላቸው እትዬ አስካለ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የማላውቃቸው፣ ዝም ለማለት ብቻ የመጡ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ። ጋሽ ወልዴ ጋቢ ከደረቡ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሽምግልና። የሞተ አልነበረም።

ተቀመጡ። የተተለተለውን መጋረጃ አዩ። ሆድቃው የወጣውን ሶፋ አዩ። ባዶውን ቡፌ አዩ። እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ልጄ ተስፋዬ፣ እኛ አንተን ልንወቅስ አልመጣንም። ሥራ ማጣት በማንም ይደርሳል። መጠጥም ቢሆን ይተዋል። እጅን ሴት ልጅ ላይ ማንሳት ግን…»

«ምን?» አልኩ።

«ዕቃውስ ይሁን» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸው ሰናይት እጅ ላይ ነው። «ይቺ ልጅ ምን አደረገችህ?»

ሰናይት መጀመሪያ ሳቋ መጣ። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌዎቹ ያለቀሰች መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ላብ አጠመቀኝና በዓለም ላይ ልታመን የማልችልበትን አንድ ቃል መርጬ ተናገርኩ።

«ድመት ነው።»

ጋሽ ወልዴ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ በዚህ ሽምግልና ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ‹በር መታኝ› ሲባል ሰምቻለሁ። ‹ደረጃ ጣለኝ› ሲባል ሰምቻለሁ። ‹ድመት ነው› ሲባል ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

«እውነቱን ነው፣ ጋሽ ወልዴ» አለች ሰናይት ሳቋን ውጣ። «ድመቱ ነው የሚሰብረው፤ የጫረኝም እሱ ነው።»

«እሷማ ትሸፍንለታለች» አሉ እትዬ አስካለ። «ምን ታድርግ!»

ማስረጃ ማቅረብ ነበረብኝ። አልጋ ሥር ገብቼ፣ በሆዴ ተስቤ፣ ተከሳሹን በጀርባው ይዤ አወጣሁት። መሐል ቤት ሳቆመው እንዴት ያለ የምስኪን ፊት እንዳሳየ! ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ቀጥ ብሎ እትዬ አስካለ ጭን ላይ ወጣ፣ ተጠቀለለ፣ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ይሄ ነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ይሄ ነው።»

«ይሄ፣ ያንን ሶፋ?»

«ብቻውን ሲሆን ነው የሚብስበት» አልኩ፤ ስለ ሰካራም የሚወራ ዓረፍተ ነገር እንደሚመስል የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈተና ይደረግ ተባለ። ድመቱን ቤት ትተን፣ በሩን ዘግተን፣ ሁላችንም ግቢ ወጣን። አምስት አዋቂ ሰዎች ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈን ቆምን። የአከራያችን ውሻ እንኳ ተገርሞ መጮሁን ተወ። ጠበቅን። ኮሽ የሚል የለም። ለዚያ የተረገመ ድመት በልቤ እየለመንኩት ነበር፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ብቻ! ዝም። ያ ዝምተኛ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱና «ተኝቶ ይሆናል» አሉ፤ አሉና በሐዘን አዩኝ።

ያዳነችኝ ሰናይት ናት። ያዳነችኝ ግን በዋጋ ነው። ተመልሰን እንደተቀመጥን፣ ስም ስላላወጣንለት «አንተ» እያለች የምትጮኸው በድመቱ ላይ መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳች። እትዬ አስካለ ፊታቸው ትንሽ በትንሽ ተፈታ። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ታዲያ ሐሙስ ለታ ‹ቤት የሚባል ነገር እንዳለህ መቼ ታውቅና› ያልሽውስ? እሱም ለድመቱ ነው?»

ሰናይት ነጠላዋን ሰበሰበች። እኔን አየችኝ። «እሱን እንኳ ለተስፋዬ ነው ያልኩት» አለች። «በስልክ።»

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደገና ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ሥራ አገኙ። ሰናይትም ሽማግሌ ከመጣ አይቀር ብላ ነው መሰለኝ የሆዷን አወጣችው። «ዕቃ የሚሰብረው ድመቱ ነው፤ እውነት ነው። የሚጠርገው ማነው? እኔ። ድመቱን ያመጣው ማነው? እሱ። እኔ ሱቅ ቆሜ ውዬ መጥቼ ስባሪ ስለቅም እሱ ማዞሪያው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ሲመጣ ቤቱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ከዚያ ድመቱን አቅፎ ‹አይዞህ› ይለዋል። እኔን ግን አይዞሽ የሚለኝ የለም።»

«የምቀመጠው ማኪያቶ ልጠጣ ነው» አልኩ።

«ቡና ቤት በር ላይ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ወንበሩ የቡና ቤቱ ነው፤ ማኪያቶው ግን ማኪያቶ ነው።»

ማንም አልመለሰልኝም። እናንተም አትመልሱልኝ፤ እኔ ራሴም በልቤ ስባሪውን ስትለቅም ታየችኝና አፈርኩ። ጥፋተኛ አይደለሁም ብዬ ልከራከር ተነስቼ ባልጠበቅሁት በር ጥፋተኛ ሆኜ ተገኘሁ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እኔ ከሥራ በቀጥታ እገባለሁ፤ ስባሪ ካለም የምጠርገው እኔ ነኝ። ስለ ድመቱ የፈረዱት ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው። «ይሄ እኮ ሕፃን ነው» አሉ፣ ጀርባውን እያሻሹ። «ከጠዋት እስከ ማታ ትዘጉበታላችሁ። የሚያጫውተው የለ፣ የሚያየው የለ። የእናንተን ልጅ እንዲህ ብትዘጉበት ቤቱን አያፈርስም ነበር? ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ክር እየጎተታችሁ አሯሩጡት፤ ደክሞት ይተኛል። የጠረጴዛውን እግር በጆንያ ጠምጥሙለት፤ ሶፋውን ትቶ እሱን ይቧጭር። መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጉለት፤ ውጭውን ይይ። ቁልፉን ደግሞ ተዉልኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እኔ አመጣዋለሁ።» ከዚያ ቀና አሉና፣ «ድመት እንኳ አልወድም» ብለው ጨመሩ። ድመቱ አገጫቸውን ሲልስ ግን አልከለከሉትም።

ሲወጡ በር ላይ ሰናይት እየሳቀች «እትዬ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያስባሉ?» አለቻቸው። እሳቸው አልሳቁም። «ስህተት ከሆነ ትስቁብኛላችሁ፤ ትንሽ አፍራለሁ» አሉ። «ስህተት ባይሆንስ? ቺፕውዱን እያየሁ ልቀመጥ?»



ድመቱ? በእርግጥ ተሻሻለ። ጠዋት ጠዋት ክራቫቴን አስሬ ክር እየጎተትኩ ቤት ውስጥ እሮጣለሁ፤ ያየኝ ሰው ያን ጊዜ ነበር ሽማግሌ መላክ ያለበት። ጆንያውን ወደደው። ከቀትር በኋላ እትዬ አስካለ ዘንድ ይውላል፤ እዚያ ምንም አይሰብርም። አልፎ አልፎ አንድ ዕቃ ይወድቃል፤ እኔ እጠርጋለሁ። አይጧ እንኳ በራሷ ጊዜ ቤት ቀየረች፤ የሩጫው ግርግር አስመርሯት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይስተካከል ቀረ፤ የሰፈሩ ወሬ። ወሬ ሲሄድ በሩጫ ነው፤ ማስተባበያው ግን ታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ቤቴ መግባታቸውን ሁሉም አየ፤ ስለ ድመቱ የተባለውን ማን ሰማ? ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጊዜ እገባለሁ፣ ማዞሪያው ላይ አልታይም፣ ብርጭቆ አልገዛም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ተፈውሼ የለ! ከድር «እንኳን ለዚህ በቁ፣ ጋሼ» ብሎ ማስቲካ መረቀልኝ። የማላውቃቸው እናቶች መንገድ ላይ ይመርቁኛል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ ድመት ነው» እል ነበር። ሲያዩኝ አስተያየታቸው ስለማያምር ተውኩት። «አሜን» ማለት ይቀላል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ጋሽ ወልዴ መጡ፤ ጋቢ ደርበዋል። ደነገጥኩ።

«አንተ ጋ አይደለም» አሉ። «አብረኸኝ ትሄዳለህ። ወደ ዘነበወርቅ በኩል አንድ ቤት አለ። ባልየው እኛን አልሰማ አለ፤ ‹እናንተ ምን ታውቃላችሁ› ይላል። ያለፈበት ሰው ቢነግረው ይሰማ ይሆናል።»

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ እኮ…»

«ልጄ፣ ማንም አይወቅስህም። ተነስ።»

ሰናይትን አየኋት። «ሂድ» አለችኝ፤ አልሳቀችም።

ሄድን። ቤቱ ከእኛ ቤት ብዙም የማይለይ ነው። ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ። የቡፌው መስታወት የለም። መጋረጃው ከዘንጉ ጋር ወርዶ ጥግ ተቀምጧል። ባልየው ወጣት ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሚስቲቱ አንድ እጇን በሻሽ አስራ፣ በአንድ እጇ ለስላሳ ልትከፍትልን ትታገላለች። ተቀመጡ እያለችን እሷ አትቀመጥም።

ልንገራችሁ፣ እኔ የሰው ቤት በዓይን የምበረብር ሰው አይደለሁም፤ ግን ጋሽ ወልዴ ንግግራቸውን ሲጀምሩ እኔ ሶፋው ሥር አያለሁ። ከቡፌው ኋላ አያለሁ። በሩ ገርበብ ባለው መኝታ ቤት የአልጋውን ሥር በዓይኔ እፈልጋለሁ። ግራጫ ይሁን፣ ጥቁር ይሁን፣ ግድ የለኝም። አንዲት ጅራት ባይ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ድመት አልነበረም።

«ተስፋዬ፣ እስቲ አንተ ንገረው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ምን ልበል? እኔ ጠጥቼ አላውቅም ልበል? አንገቱን የደፋው ሰው ፊት ራሴን ነጻ ላውጣ? የመጣልኝን ተናገርኩ። «እኔም ቤት ዕቃ ይሰበር ነበር» አልኩ። «የሚጠርገው ማን እንደሆነ ግን ሽማግሌ መጥቶ እስኪነግረኝ አላውቅም ነበር። ስገባ ተጠርጎ ነበር የሚጠብቀኝ።»

ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። እኔን ግን አላየም። ወደ ሚስቱ ነው ያየው፤ ወደ ታሰረው እጇ። ለስላሳውን ተነስቶ ከእጇ ተቀበላትና ራሱ ከፈተው። እሷም ጥግ ላይ ካለችው ዱካ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ትዳር ተቃና የምል ሞኝ አይደለሁም። ጋሽ ወልዴ በየሳምንቱ ብቅ ይላሉ፤ የእነሱም ጎረቤት ጆሮ እንዳላት ሰምቻለሁ።

ወጥተን ወደ አስፋልቱ ስንወርድ ጋሽ ወልዴ ክንዴን ያዙ። «ጥሩ ተናገርክ» አሉ። «ያለፈበት ሰው ያስታውቃል።»

«አሜን» አልኩ።